አይጠየፍ፦ የወሎው ንጉሥ ግቢ

በዚህ ወር የምናስጎበኛችሁ በወሎ ስመ ጥር የሆነ የአንድ መሳፍንት ቤተሰብ ግቢ ነው። ከሮቢት ተሳፍረን፣ የራያን ቆላ የማሽላ ማሳ ወደ ኋላ ትተን፣ ወልድያን፣ ውጫሌንና ሐይቅን አልፈን ደሴ ገባን። የመጣነው አይጠየፍ የተባለውን የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ ለማየት ነው።

የአዳራሹን ታሪክ ለመረዳት ከባለቤቱ ስም መጀመር ይገባል። ንጉሥ ሚካኤል ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፤ አባታቸውም የወረ ሂመኖው ገዥ ኢማም ዓሊ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የክርስትና አባት ሆኗቸው፣ ራስ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሸኽ ጦልሐ ያሉ ዑለማዎች ግን አሻፈረን ብለው ታገሉ፤ አገሩን ጥሎ የተሰደደውም ብዙ ነው።

አዳራሹ የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «አይጠየፍ» መባሉም ሀብታምና ድሃ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ስለሚያስተናግድ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ለእኛ ለራያና ለወሎ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬም ሠርግ የደገሰ ሰው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ አሳርዶ፣ ሁሉንም አብልቶ ይሸኛል።

የቤተሰቡ ክብር ከፍ ብሎ ነበር። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የአፄ ምኒልክን ዙፋን ወረሱ፤ እሳቸውም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ነገር ግን ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። አባት ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ሆኑ፤ በ1910 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሞቱ። የዘር ሐረጉ ግን አልተቋረጠም። የልጃቸው የወይዘሮ ስህን ስም በደሴው ትምህርት ቤት ይጠራል። የወይዘሮ ስህን ልጅ እቴጌ መነን ናቸው፤ የእቴጌይቱ ልጅ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም በዚያው ከተማ መርሆ ግቢ ነበራቸው።

ወጣቶች ሆይ! ደሴ ስትሄዱ አይጠየፍን ጎብኙ። ስትጎበኙ ግን የማዕዱን ታሪክ ከቦሩ ሜዳው ታሪክ አትነጥሉት። እምነቱን ተገዶ የተወ ሰው በሰፊ ማዕድ አይካስም። ሰውን አለመጠየፍ ማለት እምነቱን ሳይነኩ ማዕድ መጋራት ነው። ወላጆቻችን በየሠርጉ ቤት ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ እናንተም ለልጆቻችሁ አቆዩት።