የተሰነጠቀው ግድግዳ

አንባቢዎቼ አይታዘቡኝና እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ሰው ነኝ። ጀግና ነኝ ባይ በበዛበት ከተማ አንድ ፈሪ ቢገኝ የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ይህን ለመናገር አላፍርም። የአስፈሪ ፊልም ነገር ሲነሣም ከጓደኞቼ መካከል ቀድሜ ሰበብ የምፈልገው እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንችስ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በሌሊት ብቻዬን ተቀምጬ እንዲህ ያለ ፊልም አየሁ።

ፊልሙ «ሪፐልሽን» ይባላል፤ ትርጕሙም መጸየፍ ማለት ነው። ፖላንድ ያደገው ሮማን ፖላንስኪ በ1965 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የሠራው ሲሆን፣ ጭራቅ የለበትም፤ ሰይጣንም አይወጣበትም። ካትሪን ደኑቭ የምትጫወታት ካሮል የተባለች ጥፍር አስዋቢ ለንደን ውስጥ በአንድ አፓርታማ ከእኅቷ ጋራ ትኖራለች። እኅቲቱ ከወዳጇ ጋራ ወደ ኢጣልያ ለሽርሽር ትሄዳለች፤ ካሮል ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ባብዛኛው የቤቱና የልጅቱ ጉዳይ ነው። ለራት የታሰበው ጥንቸል ሳይበስል ይበሰብሳል። የቧንቧው ጠብታ፣ የሰዓቱ ድምፅ፣ ከጎረቤት የመነኮሳይያት ገዳም የሚሰማው ደወል ይጎላሉ። ግድግዳው በድንገት ይሰነጠቃል፤ ኋላም ከመተላለፊያው ግድግዳ ውስጥ እጆች ይወጣሉ።

እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ኦረን ፔሊ የተባለው ሰው በአሜሪካ፣ በሳንዲዬጎ ከተማ፣ በገዛ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተባለውን ፊልም በ7 ቀን ቀርጾታል፤ ወጪውም 15 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ፊልሙ በ2009 እ.ኤ.አ. በየሲኒማ ቤቱ ሲታይ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በአንድ ሳሎን ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፍቅር ቀልድ የሚቀርጹልን የእኛ ባለሙያዎች ይህን አንድ ቀን ቢያስቡበት መልካም ነበር። ሳሎኑማ በእጃቸው ነው! ተመልካቹም ቢሆን የሚፈራውን ቤት ከራሱ ቤት ያመጣዋል።

ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን «ካሳ ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ከሚሠሩት ቤቶች የመጣ ነውና፣ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ በስሙ ጥቂት እኮራ ነበር። በዚያ ወራት ግን የሰፈሩ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ይፈርሱ ነበር። የእኛ ግቢ ተራው አልደረሰም። በግራ የነበሩት ጎረቤቶች እሑድ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ በቀኝ የነበሩት ማክሰኞ። ከነርሱም ጋራ የሬዲዮናቸው ወሬ፣ የማለዳው ሙቀጫ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳ ወዲያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስሉት ሽማግሌ ሄዱ። ያን ሳል ስንት ሌሊት አማርሬዋለሁ!

የካሮል ግድግዳ ሲሰነጠቅ ቀና ብዬ የራሴን አየሁ። ከቆፋሪው መኪና ንዝረት የተነሣ ከጣራው ማዕዘን የሚወርድ ስንጥቅ ነበረበት። በቀን አይቼ ንቄው ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን አንድ ስንዝር የረዘመ መሰለኝ። ተነሥቼ በእርሳስ ጫፉ ላይ ምልክት አደረግሁ። ተመልሼ ስቀመጥ ጆሮዬ የሽማግሌውን ሳል ይጠብቅ ኖሯል። ዝም አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ስለ እጆቹ ይነግራችኋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚያስፈራው እኅቲቱ ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣበት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

«ልጄ፣ መብራትህን አይቼ ነው፤ አልተኛህም እንዴ?»

የቤቱ ባለቤት ነበሩ።

«ይግቡ እማማ፤ ፊልም እያየሁ ነው።»

«እኔንም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰፈሩ እንዲህ ጭጭ ሲል አልወድም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ካልጋው ጠርዝ ተቀመጡ። ፊልሙን ከመጀመሪያው መለስሁላቸውና እየተረጎምሁ አሳየኋቸው። እጆቹ ሲወጡ ፈገግ አሉ። የተቆጡት ቀደም ሲል ነበር፤ «እኅት ተብላ! እንዲህ ያለች ልጅ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል?»

የእኛ ተራ የደረሰ ዕለት ስንጥቁ የእርሳሱን ምልክት በሁለት ጣት አልፎት ነበር። እማማ ዕቃቸው ሁሉ ከተጫነ በኋላ ሰው ጠርተው የቤታቸውን መዝጊያ ከነማጠፊያው አስነቀሉት።

«አዲሱ ቤት እኮ መዝጊያ አለው እማማ» አልኋቸው።

«ይኑረው። የዚህን ሲንኳኳ አውቀዋለሁ።»

ከባድ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁ።