ለክረምት የሚሆኑ አልበሞች

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መግቢያ ላይ፥ ለክረምት ትምህርት አምቦ ከገቡት መምህራን አንዱ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ አንዲት ፍላሽ እጄ ላይ አኖረ። «ጋሼ፥ ሙዚቃ ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ እዚሁ ቆርቆሮ ሥር ነን። አዳዲስ አልበሞች መርጠው ይሙሉልን» አለኝ። ፍላሿ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። «እሺ» ብዬ ተቀበልኋት፤ ነገር ግን ኪሴ ውስጥ ከክብደቷ በላይ ከበደችኝ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በየዓመቱ በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ የሙዚቃ ምርጫ ማቅረብ የአውሮፓ ጋዜጦች ልማድ ነው። እነዚህ ወራት ለእነርሱ የፀሐይ፥ የባሕር ዳርቻና የዕረፍት ወራት ናቸውና ቀለል ያለውንና የሚያስጨፍረውን ይመርጣሉ። ለምዕራብ ሸዋ ሰው ግን እነዚያው ወራት የጭቃ፥ የጉምና የጭስ ወራት ናቸው። ከሆለታ ተነሥቶ አዲስ ዓለምን፥ ጊንጪን፥ አምቦን፥ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ የሚዘልቀው መንገድ በዝናብ ይታጠባል፤ ገበሬው በጤፍ እርሻው፥ መምህሩም በክረምት ትምህርቱ ይጠመዳል። ማታ ከቤት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ የእኛ ክረምት የሚያስጨፍር ሳይሆን አደብ አስገዝቶ የሚያስቀምጥ ሙዚቃ ይፈልጋል ባይ ነኝ። አንድን አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ለመስማት ከዚህ የተሻለ ወቅት አላውቅም።

አንድ ችግር ግን አለ፤ እርሱም ቆርቆሮው ነው። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሰማው የመጀመሪያው ሙዚቃ የጣሪያው ራሱ ነው። ቀጭን ድምፅ በዚያ መካከል ይጠፋል። ስለዚህ ለክረምት አልበም የሚመርጥ ሰው ማን ዘፈነው ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት ይሰማል ብሎ መጠየቅ አለበት። ዝናቡ ጋብ በሚልበት ማለዳ የሚሰማው ሌላ፥ ማታ ከዝናቡ ጋር የሚታገለው ሌላ ነው።

ለማለዳው ያለ ማመንታት የመረጥሁት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቬኒር» ነው። እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖአቸው ሲሆን፥ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ በታተመው የ«ኢትዮጲክ» ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ይህ አልበም ግን ሌላ ነገር ያሰማናል፤ እማሆይ ራሳቸው ያዜማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ፥ በገዛ ቤታቸው የቀረጹት ነው። ስቱዲዮ የለ፥ አጃቢ የለ፤ አንዲት መነኵሲት፥ አንድ ፒያኖና አንድ መቅረጫ ብቻ። ድምፃቸው የሠለጠነ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም። ለብቻው የተቀመጠ ሰው ለራሱ የሚያንጐራጕረው ዓይነት ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ሌላውን ብቸኛ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው። በዚያ ዘመን ከአገር ስለ መለየት እያዜሙ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም በእርግጥ ተለይተው ሄዱ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፥ ቡናው ሳይፈላ ይደመጥ።

ለማታ ደግሞ ኃይሉ መርጊያን አስቀመጥሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ንና በ2020 የወጣውን «የኔ ምርጫ»ን። የዋልያስ ባንድ ኦርጋኒስት የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳዳጅ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ ሱቅ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ፥ አስፈቅዶና ከፍሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አሳተመው። ሁለቱ አዳዲስ አልበሞች የተወለዱት ከዚህ የተነሣ ነው። አኮርዲዮኑ ዝናብ አይፈራም፤ ቆርቆሮውን ሰንጥቆ ያልፋል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ግድ ይሆንብኛል። ይህን የባሕር ዳሩን ካሴት ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር «አስፈቅዶና ከፍሎ» የሚለው ይወጋኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፥ በኛ አቈጣጠር ማለቴ ነው፥ ወጣት መምህር ሳለሁ ሁለት ካሴት በአንድ ጊዜ የሚያጫውት ቴፕ ነበረኝ። ባዶ ካሴት እየገዛሁ፥ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀዳሁ፥ ርእሱን በእጄ ጽሑፍ እያሳመርሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉደር ገበያ እሸጥ ነበር። በጣም የሚፈለገው የጥላሁን ገሠሠ ነበር፤ ወሊሶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው እየተባለ፥ በአማርኛ የዘፈነውም በአፋን ኦሮሞ የዘፈነውም እኩል ይሸጥ ነበር። የዓሊ ቢራም እንዲሁ። ደመወዜን በዚህ እደጕም ነበር፤ አላፈርሁበትም ነበር። ኪነ ጥበብን ለሰፊው ሕዝብ ማዳረስ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንድ ጐልማሳ ሰው መደቤ ፊት ቆመ። ካሴቶቹን አንድ በአንድ አየና አንዱን አነሣ። በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍን የነበረ፥ አንድ ካሴት ብቻ ያወጣ ድምፃዊ ሥራ ነበር። «ስንት ነው?» አለኝ፤ ነገርሁት። ሳይከራከር ከፈለኝ፤ ካሴቱን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ ሄደ። አጠገቤ ጨው የሚሸጠው ልጅ «የገዛህ እኮ ራሱ ዘፋኙ ነው» አለኝ። ተነሥቼ ብፈልገው በገበያው መካከል ጠፍቶብኛል። የራሱ ቅጂ አልቆበት ይሁን፥ ወይም ሌላ ሰው ድምፁን ምን ያህል እንደሚሸጠው ለማየት፥ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላም ጥቂት ወራት መሸጤን አልተውሁም፤ ይህንንም ልደብቅ አይገባኝም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በእርሱ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ሳለ የእርሱ፥ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ የእኔ ቴፕ አርጅቶ ተጥሎ ነበር። ስለዚህ የወጣቱን መምህር ፍላሽ ባዶውን መለስሁለት፤ ከእርሷም ጋር አልበሞቹ የተጻፉበትን ወረቀት ሰጠሁት። አላገጠብኝ። «ጋሼ፥ ወረቀት እኮ አይዘፍንም!» አለ። ገንዘብ አዋጥተው ከሕጋዊው ቦታ እንዲገዙ መከርሁ፤ እያጕረመረሙም ቢሆን አዋጡ። በዚያው ወረቀት ላይ እርሱ በገዛ እጁ የሮፍናንን «ነጸብራቅ» ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፥ የአገር ቤት ዜማን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዋሐደ ሥራ ነው። ለእኔ ጆሮ ምቱ ይበዛበታል፤ ቆርቆሮውን በማሸነፍ ረገድ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣ ነው። የቆዩ ድርሰቶቹን እንደ አዲስ የተጫወተበት ስለሆነ ለቀጣዩ ክረምት አስቀድሜ መዝግቤዋለሁ።

የቀረኝ አንድ መስመር ነበር፤ እርሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አምቦ ላይ ተቀምጦ የክረምት አልበም የሚመርጥ ሰው ሃጫሉ ሁንዴሳን ማለፍ አይችልም፤ ለማስገባትም እጁ ይንቀጠቀጣል። የከተማዋ ልጅ ነው። ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ያህል ቈየ፤ የመጀመሪያ አልበሙን የ«ሰኚ ሞቲ»ን ዘፈኖች የደረሰው እስር ቤት ሆኖ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2009፥ ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» በ2013 ወጡ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ሰኔ 25 ቀን እዚሁ አምቦ ተቀበረ። በተከተለው ሁከት ብዙ ሰው ሞተ። ሦስተኛው አልበም «ማል ማሊሳ» የወጣው በተገደለ በዓመቱ፥ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ በገባ ቍጥር የእርሱ ሙት ዓመት አብሮ ይገባል።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ታዲያ በዚያ ጨለማ ዘፈኖቹ በየቤቱ የተሰሙት በምን ነበር? ከስልክ ወደ ስልክ፥ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ነበር። የጐረቤቴ ልጅ ሌሊት በር አንኳኵታ «ማላን ጂራ» አለዎት ወይ ብላኝ ገልብጬ ሰጥቻታለሁ። ያን ጊዜ አዋጁም፥ የጉደሩ ሰውዬም አልታሰቡኝም። ብታሰብም ኖሮ እሰጣት ነበር። ስለ ባዶዋ ፍላሽ ከላይ የጻፍሁትን ይህ ያፈርስብኛል፤ እንዲያፈርስብኝ ትቼዋለሁ።

ሌላው ጭንቀቴ ይህ ነው፦ «ማል ማሊሳ» መዝናኛ ተብሎ በሚዘጋጅ ዝርዝር ውስጥ፥ በአኮርዲዮንና በዳንስ ምት መካከል ይገባልን? በሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸውን አንዲት ሴት ላማክር ሄድሁ፤ መምህራኑ ማታ ማታ የሚሰበሰቡት እርሳቸው ዘንድ ነው። «አዴ፥ ይህን አልበም እዚህ ቢያጫውቱት ቅር ይልዎታል?» አልኋቸው። ብርጭቆ ማጠባቸውን ሳያቋርጡ፥ ከዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ከስልኩ አንዱን ዘፈን ከመካከል ቈርጦ ከፍቶት፥ ወዲያውም ሰልችቶት ወደ ሌላ ዘፈን እንደ ተሻገረ ነገሩኝ። ሂሳቡን ሳይቀበሉ አስወጥተውታል።

መልስ ሳይሰጡኝ ስለ ቀረ ተሰናብቼ ወጣሁ። ማታ ግን ስንመለስ ድምፅ ማጉያው ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ መብራትም ነበረ። ወጣቱ መምህር ስልኩን አውጥቶ ዐይን ዐይኔን አየኝ፤ እኔም የሴትዮዋን ፊት አየሁ።

«ከመጀመሪያው ነው» አሉ። «መሐል ላይ እንዳትጀምሩብኝ።»

ከዚያም ሽርጣቸውን ፈትተው፥ እዚያ ሻይ ቤት ስመላለስ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።