ብስክሌታችንና የሲሚንቶው ወለል

ከአሮጌው መጋዘን ወለል ላይ በየማታው እየወደቅን ስንነሣ የምታዩን እኛው ነን። አንዳንዶቻችሁ ስቃችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም «ሥራ ፈቶች» ብላችሁናል። የምናደርገው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስተማረን በዚህች ገጽ ልናስረዳችሁ ወደድን። ያጠፋነውንም አንደብቅም።

እኛ አራት ነበርን። ከጋምቤላ ወጥተን እዚህ ጎሮም ከገባን ጀምሮ ያልተለያየን ጓደኛሞች ነን። ብስክሌቷን የገዛናት ጁባ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ፣ ጡብ ተሸክመን ካገኘናት ገንዘብ አዋጥተን ነው። አሮጌ ናት። ጎማዋ ባለ 20 ኢንች ስለሆነ ለትልቅ ሰው ታንሳለች፤ ፍሬኗም አይይዝም። ዋጋዋ የቀነሰልንም በዚሁ ምክንያት ነው። ከመካከላችን አንዱ ጁባ ሳለ በሰው ስልክ አንድ ትርኢት ተመልክቶ ኖሮ፣ «እንዲህ ያለችው ትንሽ ብስክሌት እኮ ትጨፍራለች» አለን። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ጨዋታው ፍላትላንድ ይባላል፤ ሜዳማ መሬት ማለት ነው። ቢ ኤም ኤክስ የሚባለው የብስክሌት ስፖርት አንድ ክፍል ነው። ቢ ኤም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ሲስፋፋ፣ ያስፋፉት የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም እያዩ የሚመኙ፣ ነገር ግን ሞተር የሌላቸው ልጆች ነበሩ። በትንንሽ ብስክሌት አፈር ላይ አስመሰሉት። ኋላም ቦብ ሃሮን የመሰሉ ወጣቶች እሽቅድምድሙን ትተው ብስክሌቱን ወደ ማሽከርከርና ወደ ማስቆም ዞሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ ከፔንሲልቬኒያ የተነሣው ኬቪን ጆንስ፣ ፍሬን ይዞ ከመቆም ይልቅ ባንድ ጎማ እየተንከባለሉ የሚሠሩ ብዙ አዳዲስ ስልቶችን አመጣ። ይህ ሁሉ የተፈለሰፈው በስታዲየም ሳይሆን በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ነው። የቢ ኤም ኤክስ እሽቅድምድም በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ ገብቷል፤ ፍላትላንድ ግን እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ አልገባም። እኛ የወደድነውም ስለ ሜዳሊያ አይደለም። መወጣጫ አይጠይቅም፤ አቀበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልሙጥ መሬት ብቻ ነው። በቀዩ አፈራችን መካከል ያለን ልሙጥ ነገር ደግሞ ጣሪያውን ነፋስ የወሰደው የዚያ መጋዘን ወለል ነው።

ብስክሌት ለወገናችን እንግዳ ነገር አለመሆኑንም እናስታውስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትካፈል ሯጮች ብቻ አልላከችም፤ እነ ገረመው ደንቦባም በብስክሌት ተወዳድረዋል።

ወደ ትምህርታችን እንመለስ። የመጀመሪያው ትምህርት መንዳት ሳይሆን መቆም ነው። ሁለቱን ፔዳል ትክክል አግድም አድርጎ፣ የፊቱን ጎማ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጎ፣ እግር ሳያወርዱ ባሉበት መቆም። ብስክሌቷ ልትወድቅ ስትል ፔዳሉን ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ለቀቅ ማድረግ ነው። ጎማውን የሚመለከት ይወድቃል፤ ዓይን ፈንጠር ብሎ አንድ ነገር ላይ መተከል አለበት። እኛ ወለሉ ዳር ያለችውን ዛፍ መረጥን። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሳንቆጥር ወደቅን። ስድሳ ለመቁጠር ሁለት ወር ፈጀብን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲያው አይደለም።

ሁለተኛው የኋላውን ጎማ ከመሬት ማንሣት ነው። ደህና ፍሬን ያለው ሰው የፊቱን ፍሬን ይይዛል። እኛ ግን በዝግታ እየሄድን የጫማችንን አፍንጫ በፊቱ ጎማና ጎማውን በያዘው ብረት መካከል እንሰካለን። ጎማው ቀጥ ሲል የኋላው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ወገብን ወደ ኋላ ሳብ ካላደረጉ በመሪው ላይ ተሻግሮ መደፋት ነው። ለዚህ ነጠላ ጫማ አይሆንም። በረባሶ ግን ጎማ በጎማ ላይ ነውና አጥብቆ ይይዛል። ሦስተኛው አንድ እግር ከፊቱ ጎማ መካከል በወጣ ብረት ላይ አቁሞ፣ በሌላው እግር ጎማውን እየገፉ ባንድ ጎማ መሄድ ነው። ብረቱን አንድ በያጅ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሠራልን። በዚህኛው ገና ጀማሪዎች ነን።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ብስክሌቷ የጨዋታ ብቻ አልነበረችም። የጎረቤታችን የእማማን ማሽላ ወፍጮ ቤት የምታደርስ እሷ ነበረች፤ ቃል ገብተንላቸዋል። አንድ ቀን ማታ በፍጥነት መጥተን እግራችንን ስንሰካ ተገለበጥን፤ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ። በማግሥቱ እማማ ሲጠይቁን «ጎማው ተንፍሷል፤ ነገ እናደርስልዎታለን» አልናቸው። ነገ አልደረሰም። በሦስተኛው ቀን ማሽላቸውን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ፤ ወገባቸውን ይዘው ሲመለሱም አየናቸው። ከመካከላችን ትንሹ ማታውን መታገሥ አቅቶት ሄዶ እውነቱን ነገራቸው። እማማ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ መጫወታችሁን መች ከለከልኳችሁ? ተሰብራለች ብትሉኝ ኖሮ ጎረቤት እለምን ነበር። ያጎበጠኝ ማሽላው አይደለም» አሉን። ብንደበደብ ይሻለን ነበር።

ቸርኬዋን በትከሻችን ይዘን፣ በክረምቱ ጭቃ ጁባ ወረድን። ሦስት ቀን ጡብ ተሸክመን አስቃናናት። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብስክሌቷ የሰፈሩ ናት፤ ዱቄትና ውሃ ታመላልሳለች። የኛ የምትሆነው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ከመጫወታችን በፊትም ዳዶዎቹን አንድ ባንድ እንፈትሻለን።

ዛሬ ሦስት ቀርተናል። ከሁላችን ይበልጥ የሚችለው ጓዳችን ሥራ ፍለጋ ሄዷል። ያቺን ትርኢት በሰው ስልክ ያየው እሱ ነበር። በሄደበት ቀን ማታ ወለሉ ላይ ወጥተን ማናችንም አልተጫወትንም፤ በማግሥቱ ግን ልጆቹ ቀድመውን ተሰልፈው አገኘናቸው። አሁን ሰባት ልጆች መቆም ይማራሉ። ከሰባቱ ሁለቱ ልጃገረዶች ናቸው፤ አንደኛዋ አርባ ቆጥራለች።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ላኩልን። የተጣለ ከመነዳሪ ወይም ጥቂት ግራሶ ያላችሁም አትንፈጉን። እማማም አንዳንድ ማታ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ዛሬስ ስንት ቆጠራችሁ?» ይሉናል፤ የቆጠርነውን እንነግራቸዋለን።

የወለሉ ልጆች