ወፈር ያለ የለውዝ ሻይ

በጾም ወቅት የደምቢያዋ ኮላ ድባ ገብታችሁ ሻይ ካማራችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ የለውዝ ሻይ ካላቸው እሱን እዘዙ። «ወፈር ይበል?» ካሏችሁ «ይበል» በሉ። ቀጭን የለውዝ ሻይ ከመጠጣትስ ባዶ ውሃ ይሻላል።

ይህን መጠጥ የአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች ፈጠራ አድርጎ የሚያየው ሰው አለ። ለእኔ ግን አዲስነቱ አይታየኝም። የደምቢያ እናቶች ሱፉን ወቅጠው፣ በውሃ አሽተውና አጥልለው ነጭ መጠጥ ሲያወጡ፣ ተልባውን ቆልተውና ፈጭተው ሲበጠብጡት ኖረዋል። ወተትና ቅቤ በማይቀመስበት የ55 ቀን ዐቢይ ጾም ሆድ የሚይዝ ነገር ከቅባት እህል ማውጣት የቆየ ሙያ ነው። ለውዝ ይህን ቤተሰብ ዘግይቶ የተቀላቀለ ታናሽ ወንድም ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ስሙ የተጠራው የባቢሌው ነው። ወገኑ ደምቢያ ከምታመርተው ሽምብራ ሲሆን፣ ቅባቱ ግን የክብደቱን ግማሽ ያህላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ችኮላ ግን አይወድም። ለውዙን በዝግታ ቆሉት፣ አሽታችሁ ገለባውን አራግቡለት፣ ዘይቱ እስኪወጣ ፍጩት። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ከውሃው ጋር ቀድመው ይፍሉ። ጣና ራሱ ከባሕር ወለል 1,785 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ኮላ ድባ ደግሞ ከሐይቁ በላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚንተከተከው 94 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ስለሆነ ለቅመሙ ጊዜ ስጡት። ከዚያ የሻይ ቅጠል ጨምሩ፣ አትሰስቱ። ቅጠሉን ትቶ ለውዝና ስኳር ብቻ የሚበጠብጥ ቤት ብዙ ነው፤ እኔ ግን በለውዙ ቅባት የተያዘውን ምላስ የሚቀሰቅሰው የቅጠሉ ምሬት ነው ባይ ነኝ። የተፈጨውን ለውዝ በትንሽ ትኩስ ሻይ በጥብጣችሁ ካላላችሁት በኋላ ወደ ድስቱ መልሱት፤ በአንዴ ከጣላችሁት ይጓጉላል።

አሁን ቁም ነገር። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም ሆነ ማፍላት አስተማማኝ መድኃኒት አይሆነውም። ቅመም የበዛበት ሻይ ደግሞ መጥፎውን ጣዕም ይደብቃል። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት ጥሬውን ገዝታችሁ፣ የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለቅማችሁ ጣሉ። ለዶሮም አትስጡት።