«ዋንዛ ነው» አሉኝ

ከደመወዛችሁ እየቆጠባችሁ ቤታችሁን የምታሳምሩ እናቶች፣ አምና የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። የሴት ልጄ ሠርግም ለጥር ተቆርጧል። መርካቶ ያለው ከእናቴ የወረስኩት ቤት ዕድሜው የገፋ የጭቃ ቤት በመሆኑ ግድግዳው ከኮርኒሱና ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ተሰንጥቋል። ታዲያ በድሮ መኳንንት ቤቶች እንደሚታየው ከላይ በኮርኒሱ ዙሪያ ጌጥ የወጣለት ጣውላ፣ ከታች ደግሞ ዞኮሎ ቢዞርበት ስንጥቁም ይሸፈናል፣ ሳሎኑም ለመልሱ ያምራል አልኩ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጣውላ ሸመትኩ። «ዋንዛ ነው እትዬ፣ ለልጅ ልጅ ያወርሱታል» አለኝ ሻጩ። ቡናማነቱን አይቼ አመንኩ። ታኅሣሥ ሲጋመስ የማዕዘኑ መጋጠሚያዎች ሳንቲም እስኪያስገቡ ተከፈቱ፤ ዞኮሎውም ተጣሞ ከግድግዳው ተላቀቀ። ሠርጉ አንድ ወር ቀርቶታል፣ የእቁቡ ገንዘብ አልቋል። ለባለቤቴ እንኳ ለመናገር አፈርኩ።

በመጨረሻ ምናለሽ ተራ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ ለምኜ አመጣሁ። የጣውላውን ጀርባ በቢላዋ ፋቅ አድርገው አሳዩኝ። ቀለም የተቀባ ባሕር ዛፍ! «ልጄ፣ ጥፋቱ ባሕር ዛፍ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ነበር። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፣ በጎኑ ግን ይሰበሰባል። መጋጠሚያውን የከፈተው ይኸው ነው» አሉኝ።

ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዓይነታቸውም መጠናቸውም አንድ ከሆኑ ሁለት ጣውላዎች ከብዶ የሚገኘው ውሃ ያዘለው ነው። ቀለም የተቀባውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አስፍቃችሁ እዩ። ዝግባ ወጥና ለስላሳ ስለሆነ ጌጥ ለማውጣት ይመቻል፤ ነገር ግን ምስጥና ነቀዝ ይደፍሩታል፣ ስለዚህ ቦታው ከላይ ነው። ለወለሉ ጠርዝ ጽድ ይሻላል። ሲፋቅ ገና እንደተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ በእርግጥም እርሳስ የተሠራበት እንጨት ነው። ሆኖም ሚስማር ሲመታበት በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያሻል። ዛሬ ተቀርጾ በየሱቁ የሚሸጠው ኤም ዲ ኤፍ ለላይኛው አይከፋም፤ ከታች ግን ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ ሲነካው ያብጣል።

ዋንዛስ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያን ያህል የተመናመነ እንጨት በርካሽ ማግኘቴ ራሱ ሊያጠራጥረኝ በተገባ! አዛውንቱ ያመጡልኝ ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ለዘመናት የደረቀ ጽድና ዝግባ ነበር።

ገንዘብ ተበድሬም የበቃኝ ለላይኛው ዙሪያና ከበሩ ትይዩ ላለው ግድግዳ ብቻ ነው። መልሱ ተደገሰ፤ እንግዶቹም ቀና እያሉ ኮርኒሱን አደነቁ። ከሶፋው ጀርባ ያለው ዞኮሎ ግን እስካሁን እንደተጣመመ ነው። ሶፋው እንዲነሳ የምፈቅደው ቀጣዩ ዕጣ ሲደርሰኝ ነው።