በማሕሙድ ሃይቤ ግንብ ላይ ያለችው ሐረግ

ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚዘልቅ መንገደኛ ከተማው ውስጥ ሲገባ ዐይኑን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ የአበባ ቀለም ነው። አገሩ ደረቅ፥ ከተማውን የሚከፍለው የማሮዲ ጄህ ወንዝም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ውሃ የሚተኛ አሸዋ ሆኖ ሳለ፥ በየግቢው ግንብ ላይ ቡገንቪሊያ የተባለችው ሐረግ ቀይና ሐምራዊ ሆና ትታያለች። እኛም ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ በሄድን ጊዜ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ወረዳ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት ስለ ሰነበትን፥ በዚህች ሐረግ ምክንያት የተነሣውን ክርክር ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ እንወዳለን።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ፥ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አማርኛ የተማሩት በሀርትሼክ የስደተኞች ሰፈር ገበያ ነው። በ1980 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በሐርጌሳ ጦርነት ተነሥቶ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማውን በመድፍና በአውሮፕላን በደበደበ ጊዜ፥ ጨቅላ ልጃቸውን አዝለው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ባላቸው ግን «ቤት እጠብቃለሁ» ብለው ቀሩ። እመቤቲቱ ሲመለሱ ያገኙት አንድ ግንብ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በምሥራቅ በኩል ያለው፥ ጥይትና ፍንጣሪ የበሳው ግንብ ነው። በዚያ ሥር አንዲት የቡገንቪሊያ ቅርንጫፍ ተከሉ። ሐረጓም አድጋ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሸፈነች።

ያ ጨቅላ ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ትምህርቱን የፈጸመው እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ወጣቶች በህንድ አገር ነው። ሐርጌሳና ህንድ ቀድሞም አይተዋወቁም አይባልም፤ በእንግሊዞች ዘመን የህንድ ነጋዴዎች በዚህ ይኖሩ ነበርና፥ የአገሩም ገንዘብ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ የህንድ ሩፒ ነበር። ልጁ ከዚያ ይዞት ከመጣው ዕውቀት አንዱ ቫስቱ የሚባለው የህንዶች ጥንታዊ የቤት አሠራር ሥርዓት ነው።

በዚህ ሥርዓት መሠረት የቤቱ ቦታ እንደ ተኛ ሰው ይቈጠራል፤ ራሱ በሰሜን ምሥራቅ፥ እግሩ በደቡብ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ሰሜን ምሥራቁ ቀላልና ክፍት ሆኖ ለውሃና ለጧት ብርሃን ይተዋል፤ ደቡብ ምሥራቁ ለእሳት፥ ደቡብ ምዕራቡም ለከባድ ነገር ይሰጣል። ረዣዥም ዛፎችና ጥቅጥቅ ያሉ ሐረጎች በደቡብና በምዕራብ በኩል እንዲሆኑ ይመክራል። ሐረግም በራሱ ድጋፍ ላይ እንጂ በቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ አይወድም። ከዚህም በላይ ቫራሃሚሂራ የተባለው የ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ በመጽሐፉ እሾኻም ዛፍ በቤት አጠገብ ቢቆም የጠላት ፍርሃት ያመጣል ይላል።

«እንግዲህ፥ ሆዮ» አለ ልጁ እናቱን በሶማልኛ ጠርቶ፥ «ሐረግሽ በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ናት፤ እሾኽም አላት፤ አዲሱን ቤት ከመሥራታችን በፊት ትቈረጥ።»

እናቲቱ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «አንተ የመንግሥት ሰው፥ ፍረድ እስቲ! እኛ እስላሞች ነን፤ ክፉና ደግ ከአላህ እንጂ ከማዕዘን ይመጣልን?» አሉ።

«እማማ፥ እንግዳ በቤት ጉዳይ ሲፈርድ አያምርበትም» ብለን ሳቅን፤ ነገር ግን ጉዳዩን ከልጁ ጋር እየተዘዋወርን መመልከታችን አልቀረም። ሐርጌሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች ከደቡብ ህንዷ ከኬራላ ጋር ልትስተካከል ምንም ያህል አልቀራትም። ፀሓይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም በቀትር ጊዜ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ወራት በደቡብ ታልፋለች። በዓመቱ ሁሉ የማይለወጠው ግን የምዕራቡ ግድግዳ መከራ ነው፤ አየሩና ምድሩ ከሞቁ በኋላ የከሰዓት ፀሓይ ፊት ለፊት ይመታዋልና። እንዲህ ከሆነ ሐረግን ወደ ምዕራብ፥ የጧትን ብርሃን ወደ ቤት የሚለው ምክር፥ ምንጩን ያላመነበት ሰው እንኳ ሊጠቀምበት የሚችል ነው።

የእሾኹን ነገር ግን እኛ አልተቀበልነውም። ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1767 ኮሜርሶን የተባለው ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ በብራዚል አግኝቷት በመርከብ አዛዡ በቡገንቪል ስም ተጠራች። አበባ የምንላቸው ባለ ቀለም ቅጠሎቿ ናቸው፤ እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ግድግዳ የሚቦረቡር ሥር ከግንዷ አታወጣም፤ በእሾ኿ እየተደገፈች ትወጣለች እንጂ። ስለዚህ በሽቦ ወይም በእንጨት መደገፊያ ማሰር ያሻል። ድርቅንም ትችላለች፤ እሾ኿ም ግንብ የሚዘልለውን ሌባ ያስቸግራል።

በመጨረሻ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ስንደርስ ዝም አልን። በዚያ በርካድ የሚሉት ከመሬት በታች የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ልጁ ክዳኑን አንሥቶ በባትሪ ቢያበራ፥ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ እንደ ጠጉር የተንጠለጠለ ሥር አየን። ውሃው የተቀመጠበት ምልክትም ካለፈው ሳምንት አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሏል። በሐርጌሳ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነው። ከዚህ ወዲያ ክርክሩ የማዕዘን መሆኑ ቀረ።

እናቲቱ ወደ ጕድጓዱ ጐንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያም፥ «ሐረጓን የተከልኋት ለአበባዋ አይደለም። ያንን ግንብ ማየት አቅቶኝ ነው» አሉ። ልጁም መልስ አልሰጠም፤ አባቱን አያውቀውም።

የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ከአሮጌዋ ሐረግ እንጨት የሆኑትን ቅርንጫፎች በስንዝር ልክ ቈርጠው በምዕራብ በኩል ከአዲሱ ቤት ግድግዳ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው ይተክላሉ፥ የእንጨት መደገፊያም ያቆሙላቸዋል። አዲሶቹ እስኪይዙ ድረስ አሮጌዋ አትነቀልም፤ ተገርዛ ትቈያለች። ልጁ፥ «ግንቡንስ ላፍርሰው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ እናቲቱ፥ «ግንቡ ይቁም። ከእንግዲህ ልየው» አሉ።

እኛ በተነሣንበት ዕለት ጧት ሐረጓ ተገርዛ የምሥራቁ ፀሓይ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ደጃፉ ገብቶ ነበር። እማማም በርጩማቸውን አውጥተው፥ ፊታቸውን ወደ ተበሳው ግንብ አድርገው ሻይ ይጠጡ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ልጁ በስልክ፥ ከ5ቱ ቅርንጫፎች 3ቱ ቅጠል ማውጣታቸውን ነገረን።

ከሩቅ አገር የመጣን ሥርዓት ሁሉ እንደ ወረደ መቀበልም ሆነ ሳይመረምሩ መጣል አይገባም። መለኪያው ከቤቱ ፀሓይ፥ ከቤቱ ውሃ፥ ይልቁንም በቤቱ ከሚኖረው ሰው ልብ ጋር መስማማቱ ነው።