ውሃው እስኪጠራ

ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመድ እናወራችኋለን፤ ጌታ በእርሱ በኩል ቤታችንን አስተምሮበታልና።

እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ ነው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ዋርፍ የሚባል ወንዝ ይፈስሳል። በቤተ ክርስቲያን ያገኘናቸው አንድ እንግሊዛዊ አረጋዊ በዚህ ወንዝ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አስተማሩን። የሚያጠምዱት በትል ሳይሆን በእጃቸው በሚያስሩት ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው።

መጀመሪያ ያሳዩን ዝንብ የድሮ ነው፤ ቲ. ኢ. ፕሪት እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት የዮርክሻየር ዝንቦች መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ትንሽ መንጠቆ፣ ሰም የተቀባ ብርቱካንማ የሐር ክርና አንዲት የቆቅ ላባ። ክሩ በመንጠቆው ላይ ይጠመጠማል፤ ላባዋ አንድ ሁለት ዙር ትዞርና ትታሰራለች። እኛ ግን ለማሳመር ብለን አምስት ስድስት ዙር አዞርን። አረጋዊው ሳቁና፣ "ይሄማ ዶሮ ሆነ!" አሉን። ላባው ሲበዛ ይደርቃል፤ ሲሳሳ ግን በወራጁ ውሃ እየተርገበገበ ሕይወት ያለው ይመስላል።

ቀጥሎ ወንዙን ማየት አስተማሩን። በተራራው ላይ ሲዘንብ ዋርፍ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይሞላል። ያን ጊዜ ዝንብ መወርወር ድካም ነው፤ ውሃው ውስጥ መግባትም አደጋ ነው። እርሳቸው የዳሩን ድንጋይ ያያሉ። ከውሃው በላይ እርጥብ ምልክት ካለ ወንዙ እየጎደለ ነው። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመን የጫማችን ጫፍ ሲታየን፣ "አሁን" ይሉናል።

በዚያው ሰሞን የበኩር ልጃችን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ፣ ከቤትም ወጥቶ ነበር። እኛም ጠዋትና ማታ ጥቅስ እንልክለት ነበር፤ ረጅም የድምፅ መልእክት፣ ተግሣጽ፣ የአያቱን እንባ ሳይቀር። በመጨረሻ መመለስ አቆመ።

አንድ ቅዳሜ ወንዙ ሞልቶ ዳር ቆመን ሻይ ስንጠጣ እርስ በርስ ተያየን። በደፈረሰ ውሃ፣ ላባ የበዛበት ዝንብ ስንወረውር ከርመናል! በምሳሌ 25፥11 ጠቢቡ ከወርቅ ጋር ያነጻጸረው በጊዜው የተነገረውን ቃል ነው። የላክነው ቃል እውነት ነበር፤ የላከው ግን እምነታችን ሳይሆን ፍርሃታችን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለልጃችን የምንናገረውን ቀንሰን፣ ስለ እርሱ ለጌታ የምንናገረውን ጨመርን። ቀላል አልነበረም፤ ስንት ጊዜ ጽፈን አጠፋን። ከወራት በኋላ እንዲህ ብቻ ብለን ላክን፦ "ቅዳሜ ወንዝ እንሄዳለን። ምሳ ይዘናል።"

መጣ። ስለ ቤተ ክርስቲያን አላነሳንም። ከምሳ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ፣ "እማዬ፣ አባዬ፣ ይቺን እንዴት ነው የምታስሯት?" አለን።

እስከ ዛሬ ወደ ጉባኤ አልተመለሰም፤ እኛም መጸለይ አልተውንም። በዮርክሻየር የትራውት ወቅት ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። በብርዱ ወራት ግን አንዳንድ ማታ መጥቶ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዝንብ ያስራል። ላባውን ሁለት ዙር ብቻ ያዞራል።

ልጅ የራቀባችሁ ወላጆች፣ ጌታ ያጽናችሁ። የሚናገሩበትንም የሚጠብቁበትንም ጊዜ ያስተምረን። አሜን።